ጥምር ዜግነትና የታማኝነት ጥያቄ፦ ለአንባቢያን ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ካርድ በዚህ ዓምድ በአጭሩ ከጻፍን ወዲህ ከአገር ውስጥም ከውጭም በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ ሕጉ ምን እንደሚል ይጠይቃሉ፤ ከሕጉ ጥያቄ ሥር ግን «አገሬን ከድቻለሁን?» ወይም «እነ እገሌስ አልከዱምን?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይነበባል። አምስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን እንደሚከተለው እንመልሳለን።

«በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በነርስነት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት የአሜሪካ ዜግነት ወሰድኩ። እጄን አንሥቼ ለሌላ መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ፈጽሜ እንደምተው ስምል ድምፄ ተቆራረጠ፤ አጠገቤ የነበረች ጓደኛዬ ‹ለወግ ነው፣ አትጨነቂ› አለችኝ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ቀኑ ገና አላለፈም። በእርሱ መግባት እችላለሁን? ደሴ ካለው የወላጆቼ ቤት የሚደርሰኝ ድርሻስ ምን ይሆናል? ታላቅ ወንድሜ ‹አንቺማ ፈረንጅ ሆነሻል› ይለኛል፤ እየቀለደ ቢሆንም ያመኛል።» (ት. መ.)

እህታችን፣ ጓደኛዎ ያለችው በአሜሪካ በኩል ሲታይ ከእውነት ብዙ የራቀ አይደለም። መሐላው ቀድሞ ዜጋው ለነበሩበት መንግሥት የነበረዎትን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ እንዲተዉ ያስምላል፤ ሆኖም ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ የድሮ ፓስፖርትዎን ያስረክቡ የሚል የአሜሪካ ባለሥልጣን አይመጣብዎትም። እንዲያውም ቤይስ አፍሮይም የተባለ፣ ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1951 በእስራኤል ምክር ቤት (በክኔሴት) ምርጫ ድምፅ በመስጠቱ የአሜሪካ ዜግነቱን አጥቷል ተብሎ ፓስፖርት ቢከለከል፣ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1967 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተፈርዶለታል። ዜጋው ወድዶ ካልተወ በቀር ኮንግሬሱ ዜግነቱን ሊገፈው አይችልም ተባለ።

በሩን የዘጋብዎት የእኛው ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም፣ ማስታወቂያም አይደርስም፣ ማንም ጠርቶ አይጠይቅም፤ የአሜሪካ ዜግነትዎን ባገኙበት ዕለት ነገሩ አልቋል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ፓስፖርት ቀኑ ባያልፍም የቆመበት መሠረት የለውም፤ ተጠቅመውበት ይግቡ ብለን አንመክርዎትም። የአሜሪካ ሕግም ዜጋው ከአገሩ ሲወጣና ሲመለስ በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲጓዝ ስለሚያዝ፣ በሁለት ፓስፖርት የሚመላለስ ሰው በአንዱ የመውጫ፣ በሌላው የመግቢያ ማኅተም ይዞ ቦሌ መስኮት ላይ መንተባተቡ አይቀርም።

ለእርስዎ የሚበጀው በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለካርዱ ባለቤት ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ የመቀጠር መብት ይሰጣል፤ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጥረዋል። ለደሴው ቤት ዋናው ነገር በማይንቀሳቀስ ንብረት ረገድ እንደ ውጭ አገር ሰው አለመታየትዎ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ቤት እንዳይኖረው ይከለክል እንደነበር ያስታውሷል። ካርዱን ሳይዙ የውርስ ጉዳይ አይጀምሩ። የማይሰጥዎት ደግሞ መምረጥንና መመረጥን፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠርን ነው። መብቶቹ ሲጠብቡና ሲሰፉ እንደኖሩም ይወቁ፤ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ የተደረገበት ጊዜ ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1159 በውጭ ምንዛሪ እንዲገዙ መልሶ ፈቀደላቸው።

ስለ ወንድምዎ፦ በሕጉ ቋንቋ ከሄድን ቀልዱ መሠረት አለው፣ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ነገር ግን መሐላው የጠየቀዎት ሕግ እንዲያከብሩ፣ ሕግ ሲያዝም አሜሪካን እንዲያገለግሉ ነው። ደሴን እንዲረሱ የጠየቀዎት የለም። ድምፅዎ መቆራረጡም ቃልዎን ከምር የሚሰጡ ሰው መሆንዎን እንጂ ከሃዲነትዎን አያሳይም፤ ይልቁንም እጁን አንሥቶ በሆዱ የሚስቀውን ሰው ቢታዘቡ ይሻላል።

«ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አባቶቻችን ‹ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› ያሉት ለኑሮ ብልሃት እንጂ ለአገር ጉዳይ አይደለም። ሰላም ሲሆን መጥቶ መሬትና ቤት የሚይዝ፣ ችግር ሲመጣ በኤምባሲው አውሮፕላን የሚወጣ ሰው ዜጋ ሊባል ይገባዋልን? ጥምር ዜግነት ይፈቀድ የሚሉት ይህን ያስቡበታልን?» (ገ. አ.፣ ከጎንደር)

የተከበሩ አባታችን፣ ያነሡት ሥጋት በብዙ አገር ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። እስራኤል ጥምር ዜግነትን በሰፊው ትፈቅዳለች፤ የክኔሴት አባል ለመሆን የተመረጠ ሰው ግን መተው የሚችለውን የሌላ አገር ዜግነት ሳይተው ቃለ መሐላ መፈጸም አይችልም። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት መሐመድ አብዱላሂ ፋርማጆ እ.ኤ.አ. በ2019 በሥልጣን ላይ ሳሉ የአሜሪካ ዜግነታቸውን መልሰዋል። አውስትራሊያ እጅግ የጠበቀች ናት፤ ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 44 የሌላ አገር ዜጋ የሆነን ሰው ከፓርላማ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ አንቀጽ ብዙ ሰው ጠራርጎ አወጣ። ሴናተር ስኮት ሉድላም ገና ሕፃን ሳሉ የወጡባት ኒውዚላንድ አሁንም ዜጋዋ አድርጋ እንደምትቆጥራቸው ሳያውቁ ዓመታት ኖረው ሥልጣን ለቀቁ፤ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስም አባታቸው ኒውዚላንድ በመወለዳቸው ብቻ ዜጋዋ ሆነው ተገኝተው ወንበራቸውን አጡ፣ ዜግነቱን ትተው በማሟያ ምርጫ ተመለሱ። እነዚህ ሰዎች ለኒውዚላንድ ያደሉበት አንድም ነገር አልተገኘም። ወረቀት የልብ ሚዛን ሆኖ ሲያገለግል የሚመዝነው ነገር ይህን ያህል ነው።

ስለ ባላው ግን አንድ ታሪክ እናንሣልዎት። ቶሞያ ካዋኪታ ከጃፓናውያን ወላጆች በካሊፎርኒያ የተወለደ፣ የሁለቱም አገር ዜጋ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ ጃፓን ሄደ፤ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ምርኮኞች በሚሠሩበት የኒኬል ማዕድን በአስተርጓሚነት ተቀጥሮ ምርኮኞቹን ያሰቃይ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የአሜሪካ ፓስፖርት ጠይቆ በ1946 ተመለሰ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር ሲገበያይ ከቀድሞ ምርኮኞች አንዱ ለይቶት ጠቆመ። ጃፓናዊ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ፣ ሲመች የሚያዝ ሳይመች የሚጣል ዜግነት እንደሌለ ገልጾ በአገር ክህደት የተላለፈበትን የሞት ፍርድ አጸና፤ ቅጣቱ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፣ በ1963 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን ተፈትቶ ወደ ጃፓን ተባረረ።

ካዋኪታ በአገር ክህደት ሊጠየቅ የቻለው አሜሪካ ዜግነቱን ስላልቆረጠችበት ነው። የእኛ ሕግ ግን የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘውን ሰው ወዲያውኑ ይለቅቀዋል፤ ከለቀቀው በኋላ የዜጋ ግዴታ ሊጠይቀው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1930 ሄግ ላይ የተፈረመው የዜግነት ሕጎች ግጭት ስምምነት ደግሞ አንድ መንግሥት ዜጋውን ያው ሰው ዜጋው በሆነበት በሌላው መንግሥት ላይ በዲፕሎማሲ ሊከላከልለት እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ዛሬ ቢጫ ካርድ የያዘ አሜሪካዊ አዲስ አበባ ላይ ቢታሰር ኤምባሲው ዜጋዬ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ ሊቆምለት ይችላል፤ ጥምር ዜጋ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ «የእኔም ነው» የምትልበት የጠነከረ ምክንያት ይኖራት ነበር። እርስዎ የሚፈሩት ሰው፣ ችግር ሲመጣ የሚያመልጠው፣ የተፈጠረው አሁን ባለው ሕግ ሥር ነው።

በኅዳር 2014 የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ አጥብቆ ሲያሳስብ፣ መንግሥታችን ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ወደ አገር ቤት እንዲመጣ ጠራ። ከተጠሩት ብዙዎቹ በአዋጅ 378 መሠረት የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። በጭንቅ ቀን ልጆቼ ብሎ ለመጥራት የሚፈልግ መንግሥት በደኅናው ቀን ልጅነታቸውን የሚያጸና ሕግ ቢኖረው የሚከብድ አይመስለንም። እኛ የምንደግፈው ዜግነቱ እንዲፈቀድ፣ ለምክር ቤት አባልነት፣ ለሚኒስትርነት፣ ለጦር መኮንንነትና ለአምባሳደርነት ግን ሌላውን መተው ግዴታ እንዲሆን ነው። የእርስዎ ጥያቄ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

«አባቴ ከኤርትራዊ ቤተሰብ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ መካኒክ ነበር፤ እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በ1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ እዚሁ አዲስ አበባ ድምፅ ሰጠ። በ1990 ክረምት ሌሊት ተወስዶ ከቀናት በኋላ በአውቶቡስ ድንበር ተሻገረ፤ እኔ ሕፃን ነበርኩ። አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መታወቂያ ሳወጣ የአያቴ ስም ሲጻፍ ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ድምፅ መስጠቱ ክህደት ነበርን? እኔስ በሕግ ማን ነኝ?» (ዳ. ተ.፣ ከአዲስ አበባ)

ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር፣ መልሱ አጭር ነውና። እርስዎ ኢትዮጵያዊ ነዎት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው የ1922ቱ የዜግነት ሕግም አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው እንዲሁ ይቆጥር ነበር። የእናትዎ ዜግነት ብቻውን ይበቃል። የአያት ስም አይቶ ፊቱን የሚለውጥ ሠራተኛ የሚጠቅሰው አንቀጽ የለውም፤ ከሥራ የሚያጓድልዎት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

የአባትዎ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ በኤርትራ ጊዜያዊ መንግሥት የዜግነት አዋጅ መሠረት ኤርትራዊነትን ማስመዝገብና መታወቂያ መያዝ ያስፈልግ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ያውቅ ነበር፤ የምርጫ ጣቢያዎቹ የተከፈቱትም በፈቃዱ ነው። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል እነዚህ ሰዎች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲጓዙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ ንግድ ፈቃድ ሲያድሱ ማንም ዜግነታችሁ አልቋል አላላቸውም። በሚያዝያ መጨረሻ 1990 ባድመ ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ግን ያ ድምፅ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆናቸው ማስረጃ ተደርጎ ተጠቀሰ፤ በግምት 75 ሺህ የሚሆኑ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጅ ኢትዮጵያውያን ከአገር ወጡ፣ ቤታቸውንና ሱቃቸውን እንዳለ ትተው።

በታኅሣሥ 1993 በተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ጥያቄዎች ኮሚሽን ሄግ ላይ ተሰይሞ ይህንኑ ጉዳይ መርምሯል። በታኅሣሥ 8 ቀን 1997 በሰጠው ውሳኔ ለሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡት ሰዎች ኤርትራዊ ዜግነት እንዳገኙ፣ ሆኖም ኢትዮጵያ እንደ ዜጋ ማየቷን ስለቀጠለች ኢትዮጵያዊነታቸውንም እንዳላጡ፣ ስለዚህ ጥምር ዜጎች እንደነበሩ ደመደመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከፋፈለው። በጦርነት ጊዜ በተዘረጋ የማጣራት ሂደት አልፈው ለደኅንነት አስጊ ናቸው የተባሉትን ኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መውሰዷና ማስወጣቷ ሕግ የተላለፈ አይደለም አለ፤ በኢትዮጵያ የቀሩትን፣ በሦስተኛ አገር የነበሩትንና ያለ ማጣራት በአካባቢ ባለሥልጣናት የተባረሩትን ግን ዜግነታቸውን መንጠቋ ያለ አግባብ ነበር ሲል ወሰነ። በዚያው ዕለት በሰጠው ሌላ ውሳኔ ኤርትራን በኢትዮጵያውያን ሲቪሎች ላይ በፈጸመችው በደል ተጠያቂ አድርጓታል።

አባትዎ ከየትኛው ክፍል እንደሆኑ ከደብዳቤዎ መለየት አንችልም፤ ሰው ጠርቶ ጥያቄ ጠይቋቸው፣ መልሳቸው ተጽፎ እንደሆነ ከእርሳቸው መስማት ያስፈልጋል። ድምፅ መስጠታቸው ክህደት ነበርን ለሚለው ግን መልሳችን አልነበረም ነው። መንግሥት ራሱ በከፈተው በር የገባን ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ለምን ገባህ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ኮሚሽኑ ለደኅንነት ሲባል የሰጠውን ፈቃድ እንኳ የተቀበልነው አንጀታችን ሳይረካ ነው፤ የማጣራቱ ሂደት ፍርድ ቤት የሌለበት፣ ተጠርጣሪው የቀረበበትን ማስረጃ የማያይበት ነበርና።

የዛሬውን አዋጅ ያወጣነው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ መሆኑ ይገርመናል። አዋጅ 378 የጸደቀው በታኅሣሥ 1996 ሲሆን ዜግነት ያለ ውሳኔ፣ ያለ መሰማት በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ሐሳብ ይዞ ቀጥሏል። በቀጣዩ ወር የወጣው መመሪያ ግን የተሻለ ነበር፤ ኤርትራ ነጻ ከወጣች ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖሩና ኤርትራዊነትን ያልመረጡ የኤርትራ ተወላጆች ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደያዙ እንዲቆጠሩ አድርጓል፤ ኤርትራዊነትን የመረጡትም ትተውት እንዲመለሱ በር ከፍቷል። አባትዎ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው መኖር ከፈለጉ የሚሄዱበት መንገድ የአዋጁ አንቀጽ 22 ነው፤ መኖሪያን በኢትዮጵያ ማድረግን፣ የያዙትን ዜግነት መተውንና ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማመልከትን ይጠይቃል። ቢጫ ካርድ ግን አይጠይቁ፤ አዋጅ 270 ኢትዮጵያዊነትን ትቶ ኤርትራዊ የሆነን ሰው በስም ለይቶ አውጥቶታል።

«አዳማ የስፖርት መምህር ነኝ። የፓሪስ ኦሊምፒክን የሴቶች ማራቶን ከተማሪዎቼ ጋር አይተን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሲፋን ሐሰን የከተማችን ልጅ ናት፣ ትግስት አሰፋ ደግሞ ባንዲራችንን ለብሳለች። ለማን ማጨብጨብ ነበረብን?» (መ/ር በ. ኃ.)

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2024 ሲፋን በ2፡22፡55 ስትገባ ትግስት የተቀደመችው በሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር። ሲፋን በ15 ዓመቷ በስደተኝነት ሆላንድ ገብታ እ.ኤ.አ. በ2013 ዜግነት ያገኘች ናት፤ በሕግ ሆላንዳዊት ናት፣ የምትሮጠውም ለዚያች አገር ነው። የዓለም አትሌቲክስም አገር ስለሚቀይሩ ሯጮች የራሱ ደንብ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሦስት ዓመት ቆይታ ይጠይቃል፣ የአገር ገበያ ሆኖ ነበርና ደግ አድርጓል። ተማሪዎችዎ ለሁለቱም ቢያጨበጭቡ ግን ማንንም አልከዱም። ማጨብጨብ ግብር አይደለም፣ የሚከፈልበት መንግሥት የለውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፦ የአዳማዋ ልጅ ስታሸንፍ «የእኛ ናት» ብሎ የሚጮኸው ልጅ፣ እርሷ በሌላ ቀን ብትሸነፍ «እርሷማ ሆላንዳዊት ናት» ይላልን? ጥሩ የክፍል ውይይት ይወጣዋል።

«በስቶክሆልም እንኖራለን። ልጃችን ስትወለድ እኔ የስዊድን ዜጋ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በቅርቡ 18 ዓመት ይሞላታል። ምን ማድረግ አለባት?» (ሰ. ወ.)

ልጅዎ ከተወለደች ጀምሮ በእናቷ ኢትዮጵያዊት፣ በእርስዎ ስዊድናዊት ናት። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ስለምትፈቅድ ከዚያ በኩል የሚጠየቅ ነገር የለም። በኢትዮጵያ በኩል ግን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 አካለ መጠን ካደረሰች በኋላ አንድ ዓመት ይሰጣታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የስዊድን ዜግነቷን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን መምረጧን ካላስታወቀች ኢትዮጵያዊነቷን እንደተወች ይቆጠራል። ስዊድናዊነቷን መተው ማለት በተወለደችበት ከተማ የመኖሪያ ፈቃድ ፈላጊ መሆን ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመማርና የመሥራት መብቷንም ታጣለች። ይህን ውሳኔ ለእርሷ ይተዉላት፣ ነገር ግን ዓመቱ ሳታውቀው እንዳያልፍባት ይንገሯት። ካለፈ በእናቷ በኩል ቢጫ ካርድ ማውጣት ትችላለች፤ ለዚያ የእናቷ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቅጂ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፣ እና የልጅቱ የልደት ማስረጃ ስለሚያስፈልጓት ከአሁኑ በአንድ ቦታ ያስቀምጡላት።